ለጋሼ ጠመንጃ የሠራሁት ድጋፍ

ጠመንጃ ሲባል ብዙ ሰው ባሩድና ጩኸት ይታየዋል። ጋሼ የሚተኩሱበት ግን የአየር ጠመንጃ ነው፤ በታመቀ አየር ኃይል ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የእርሳስ ጥይት አስወንጭፎ፣ ዐሥር ሜትር ርቆ በተሰቀለ ወረቀት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያበጃል። ድምፁም ወፍራም መጽሐፍ በኃይል ሲዘጋ ከሚሰማው አይበልጥም። ክብደቱ ግን የዋዛ አይደለም። አራስ ሕፃን ያህል ይከብዳል፤ ያንን ሕፃን ደግሞ ቆሞ፣ ትንፋሽን ሰብስቦ፣ በግራ ክንድ ደግፎ ማቆየት ያስፈልጋል። የጋሼ ግራ ክንድ ከታመመ ወዲህ ያቃታቸው ይህ ነበር፤ እኔም ለወራት የደከምኩበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍና የአገር ልብስ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት በአንድ የስፖርት ተኩስ ቡድን ውስጥ ነበሩ። እዚህ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሲነዱ ጠመንጃ በእጃቸው አልነኩም። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ሲወጡ ነው ከፓሳዴና ወዲያ ያለ አንድ የተኩስ ክለብ አግኝተው የተመዘገቡት፤ የራሳቸውን ጠመንጃ የገዙትም ያኔ ነው።

እኔ የምኖረው ፓልምስ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሳንታ ሞኒካ በሚገኝ ሆስፒታል፣ የሕሙማን አልጋዎችንና ባለ ጎማ ወንበሮችን በመጠገን። ከሥራ ውጭ ያለኝ ፍቅር ብረት ነው። ያገለገለች ትንሽ ቶርኖ ገዝቼ በመኝታ ቤቴ ጥግ ብረት መላግ እንደ ጀመርኩ፣ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ለሕንፃው ኃላፊ አመለከተች። ኃላፊውም መጥቶ ወይ ማሽኑ ይወጣል ወይ አንተ ትወጣለህ አለኝ። ይህንን ለጋሼ የነገርኳቸው ሽሮ ልገዛ ገብቼ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓዳው ዘልቀው የጤፍ ጆንያዎቹን ወደ አንድ ወገን መግፋት ያዙ። ስለ ኪራይ ስጠይቃቸው ያልሰማ መስለው መግፋታቸውን ቀጠሉ። እትዬ በበኩላቸው የብረት ፍቅፋቂ ከጤፍ ጋር እንዳይቀላቀል ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ ሰቀሉልኝ፤ ከጓዳው በወጣሁ ቁጥርም የጫማዬን ሶል ገልብጠው ይመረምሩ ነበር። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ እያስነጠሰኝ ብረት የምላግበት ቦታ አገኘሁ። ይህች ከተማ ለአንድ ሰው አንድ ክንድ መሬት በነፃ የምትሰጥ ከተማ አይደለችም፤ ለእኔ ግን ሰጥታኛለች፤ ያውም ያለ ልመና።

ጋሼን ስትሮክ የመታቸው ከዚያ በኋላ ነው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ አንደበታቸውም እንዲሁ። ግራ ክንዳቸው ግን ስኒ ከማንሳት በላይ ጉልበት አልነበረውም። ክለቡ እንዲህ ያለ ጉዳት ለገጠማቸው አባሎቹ ወንበርና ጠረጴዛ ያዘጋጃል፤ ጋሼ አልተቀበሉም። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ “ቁጭ ብዬማ ሻይ እጠጣለሁ” አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ወንበር አልተነጋገርንም።

ነገሩ ምን ያህል እንደ ከረረ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ጋሼ ለክለቡ ዳኛ ቃል ሰጥተው ነበር፦ በጸደይ በሚደረገው ውድድር ላይ ቆመው መተኮስ ካቃታቸው፣ ጠመንጃውን ለጀማሪዎች መለማመጃ እንዲሆን ለክለቡ ትተው ይወጣሉ። እትዬ ጠመንጃውን የሚወዱት ሰው አልነበሩም፤ አልጋ ሥር ተቀምጦ ሲጠርጉ ያደናቅፋቸዋል። ያሳሰባቸው ሌላ ነው። ባላቸው ከታመሙ ወዲህ ጢማቸውን የሚላጩት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብሱት ወደ ክለቡ በሚሄዱበት ቀን ብቻ ነበር፤ የማይተኩሱ እንኳ ቢሆን ሌሎቹን ለማየት። “ያቺን ብረት ከሰጠ” አሉኝ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ከአልጋ የሚያስነሳው ምን ይቀረዋል?”

ያን ጊዜ ነው ለጋሼ ድጋፍ ልሥራልዎ ያልኳቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በጠመንጃው እንጨት ሥር ካለው የብረት ሐዲድ ላይ የሚታሰር አንድ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ወደ ታች ወርዶ በወገብ ቀበቶ ላይ በተሰፋ ኩባያ መሰል ማረፊያ ውስጥ ይቀመጣል። በዘንጉ ውስጥ ሞላ አለ፤ ክብደቱን ሞላው ይሸከምና የግራ እጅ ሥራ መምራት ብቻ ይሆናል። የክለቡ ዳኛ፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ከቃላት ይልቅ በቅንድቧ የምትናገር አሜሪካዊት አሮጊት፣ ሥዕሉን አይታ ክንዱ ለተጎዳ ሰው እንደሚፈቀድ አረጋገጠችልን። የጠመንጃውን የውስጥ አካል እስካልነካና ከውድድሩ በፊት እስካየችው ድረስ ተቃውሞ አልነበራትም።

እንግዲህ ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ዘንጉ ከዳሌ አጥንት እስከ ጠመንጃው ሥር ስንት እንደሚሆን የሚወስነው የተኳሹ ቁመና ነው። ሜትሩን ይዤ ጋሼ ፊት ቆምኩ፤ እሳቸውም ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ ቆመው ተመለከቱኝ። ሲገቡ ከመቀመጫዬ የምነሳላቸውን ሰው ኮትዎን ያውልቁ፣ ክንድዎን ያንሱ፣ ወገብዎን ልቀፍ ማለት እንዴት ይቻላል? ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና በቂ መረጃ አለኝ አልኳቸው። ቁመታችን ተቀራራቢ ስለ ነበረ በራሴ ገላ ለካሁ።

ድጋፉን ያስረከብኳቸው ቀን ጋሼ ባዶውን ጠመንጃ አንስተው በጓዳው ግድግዳ ላይ ወደ ለጠፍኩት ጥቁር ነጥብ አነጣጠሩ፤ ጥቂት ቆዩና ቀስ ብለው አወረዱት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ትዳርም ልጆችም ቤትም የተካተቱበት። በማግስቱ ሱቅ ለገባ ሁሉ ስለ እኔ እያወሩ ዋሉ። በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሴቶች “ኢንጂነሩ አንተ ነህ?” እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ እኔም የአልጋ ጠጋኝ መሆኔን ማስረዳቱ ሰለቸኝና ተውኩት።

ክለቡ ሄደው ሲተኩሱ ግን ወረቀቱ እንደ ወንፊት በየቦታው ተበሳስቶ ይመለስ ነበር። ጋሼ ለዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። አንድ ቀን መነጽራቸው ነው፤ ሌላ ቀን የአዳራሹ መብራት ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አጠገባቸው የሚተኩሰው ሰውዬ የሚቀባው ሽቶ ነው። ድጋፉ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም በግምት አንዱን ብሎን እያጠበቅኩ ሌላውን እያላላሁ ቅዳሜዎቼን ፈጀሁ። ውድድሩ እየቀረበ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ጠሩኝ። ጋሼ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እኔ አልነገርኩህም።”

“እሺ እትዬ።”

“ጎኑ በልዞ ጠቁሯል። በየማታው ቅባት እቀባዋለሁ። ያ ብረትህ የጎድን አጥንቱን ነው የሚወጋው።”

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ የሞኝ ጥያቄ እንደ ሰሙ ሁሉ አዩኝ። “ምን ብሎ ይንገርህ? ቅዳሜህን ሙሉ እዚያ ጓዳ ስታስነጥስለት እያየ፣ ሥራህ አይረባም ይበልህ? ይሉኝታ የለውም እንዴ? ደግሞ አንተስ ሜትር ይዘህ እየተንጎራደድክ ለምንድነው ያልለካኸው?”

“እንዴት አድርጌ እትዬ? ኮት ለብሰው እኮ ነው የቆሙት።”

እትዬ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቃቸው ተጋባብኝ። ጋሼ ላለማስቀየም ቁስላቸውን ደብቀው፣ እኔ ላለመድፈር በራሴ ወገብ ለክቼ፣ ሁለታችንም በጨዋነት ተባብረን አንድ የማይረባ ዕቃ ሠርተን ነበር። በሥራ ቦታዬ አንድ በሽተኛ አልጋው ቢቆረቁረው ደወል ይጫናል፤ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ግን ደወሉን ላለመጫን ሌሊቱን በጎኑ ይተኛል። ይህንን ባሕል ልንቅ አልችልም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን ጠመንጃው ከቤት ሊወጣ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼን በቀጥታ ብጠይቃቸው ምንም አያመኝም አሉ። መላመድ ነው፣ አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይነክሳል አሉኝ። እትዬን ላለመክዳት ከዚያ በላይ መግፋት አልቻልኩም። ስመለከታቸው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በፌርፋክስ ዕቃ በመመለስ እንደ ጋሼ የታወቀ ሰው የለም። ሰው የሰጣቸውን የተቀደደ ካልሲ እንኳ አመስግነው ይለብሳሉ፤ ከሱቅ የገዙትን ግን ስፌቱ አንዲት ክር ብትዘል ይዘው ይመለሳሉ። ማናጀር ያስጠራሉ፤ እትዬ እንደሚሉት በዚህ አገር ካገኙት መብት ሁሉ በጣም የሚወዱት ይህንን ነው።

“ጋሼ” አልኳቸው፣ “ይህንን ድጋፍ እኔ አልሠራሁትም እንበል። ከትልቅ ሱቅ ገዝተውታል። እኔ የሱቁ ሠራተኛ ነኝ። አሁን ሊመልሱት መጥተዋል።”

ጋሼ ለአፍታ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ከላስቲኩ መጋረጃ ወደ ውጭ ወጡ፤ እንደገናም ድጋፉን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ የሞተ አይጥ የያዙ ይመስል፣ ገቡ።

“ሄሎ። ይሄን ሪተርን ላደርግ ነበር።”

“ምን ችግር ገጠመዎት ጌታዬ?”

“ሪሲቱ ጠፍቶብኛል።”

“ያለ ሪሲትም እንቀበላለን።”

“ኦኬ። ማናጀሩን ጥራልኝ።”

“ማናጀሩ እኔ ነኝ።”

“ለማናጀርነት በጣም ልጅ ነህ” አሉና ዘንጉን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። “ሶ፣ ስማኝ። ይህንን የሠራው ሰውዬ ሰው አይቶ ያውቃል? ይሄ ለሰጎን የተሠራ ነው። ወገቤ ላይ ሊያርፍ ሲገባው እዚህ ጎኔ ውስጥ ይገባል፤ ትንፋሽ በያዝኩ ቁጥር ነፍሴን ይወጋኛል። ሞላው ደግሞ ምን ያጣድፈዋል? እኔ ሳላነጣጥር እሱ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ይልከዋል። ይሄን የሞላውን ማስተካከያ ብሎን ተመልከት። በግራ በኩል ነው ያደረገው፤ የታመመው እጄ የትኛው ነው? ግራ። እንግዲህ በሽተኛውን እጅ ለሥራ አዘዘልኝ ማለት ነው። ይሄ ሰውዬ ጠላት አለው?”

“የለውም ጌታዬ።”

“አሁን አለው።”

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ቃላት ትንሽ ወጉኝ። ወዲያው ግን ለወራት በግምት ስዳስሰው የኖርኩት ጨለማ ሁሉ እየበራ መጣ፤ እያንዳንዱ ስድብ አንድ ልኬት ነበር። እንዲቀጥሉ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ያለ ርኅራኄ ቀጠሉ። ሲጨርሱ ሱቃችን ደንበኛውን ለክቶ በልኩ ይሠራል አልኳቸው። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው በጤፍ ጆንያ ላይ አኖሩና ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደ ቆመ ሰው ክንዳቸውን አነሱ፤ ግራውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው። በሸሚዛቸው በኩል ሜትሩ ሲነካቸው ፊታቸው ጨምደድ አለ። ቁመታችን እርግጥ ተቀራራቢ ነው፤ የእሳቸው ቁመት ግን ያለው እግራቸው ላይ ነበር። ከወገብ በላይ ከእኔ ብዙ ያጥራሉ።

ዘንጉን አሳጠርኩ። ማረፊያውን አስፍቼ በቆዳ ሸፈንኩት፤ የቆዳውን ስፌት እትዬ ሰፉልኝ። ሞላውን በለስላሳ ተካሁ፤ ብሎኑን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጉድለት ይዘው ይመጡ ነበር። እትዬ ከባንኮኒው ሆነው “ዛሬም ሪተርን ነው? አንተ ሰውዬ ይህንን ልጅ ከሥራ ታስወጣዋለህ” ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ወደ ጓዳው እያለፉ ከኮርፖሬት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ነው የምነጋገረው ይላሉ። እኔም ሆስፒታል ውስጥ ልማዴን ለወጥኩ። አንድ አዛውንት ስለ ጠገንኩላቸው ወንበር ጥሩ ነው ሲሉኝ፣ ገዝተውት ቢሆን ይመልሱት ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ነው እውነቱን የሚነግሩኝ። ይህ ትምህርት ከየትኛውም መጽሐፍ አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ለጋሼ ባለ ዕዳ ነኝ።

በውድድሩ ጠዋት መኪናውን የነዱት እትዬ ነበሩ። አዳራሹ በር ላይ አወረዱንና አልገባም አሉ፤ ፓርክ አድርገው መኪናው ውስጥ ቀሩ። ዳኛዋ ድጋፉን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ሞላውን በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አንድ ቅንድቧን አነሳች፤ መለሰችልንም። እኔ ከኋላ ከተመልካቾች ጋር ተቀመጥኩ። መናገር አይፈቀድም።

ጋሼ ቆሙ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ከጥቁሩ ክብ ውጭ አረፉ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ አፈሙዙ ከፍ ከፍ ሲልባቸው ይታየኝ ነበር። ጥቂት ተኩሰው ጠመንጃውን ፊት ለፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ደንቡ ማረፍን ይፈቅዳል፤ ዕረፍቱ ግን ረዘመ። ሌሎቹ እየተኮሱ ነው፤ እሳቸው ቆመው ወለሉን ያያሉ። ዳኛዋ ቀረብ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸው፤ እጇ ወደ ግድግዳው ጥግ፣ እዚያ ወዳለው ወንበር አመለከተ። ጋሼ ወንበሩን ተመለከቱት። ቆይተው ተመለከቱት። ሊቀበሉ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢቀበሉም የሚያሳፍር ነገር እንዳልነበረው አውቃለሁ። ቢሆንም እጆቼን አንዱን በሌላው ጨምቄ ይዤ ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እምቢታ ነበር። በቀኝ እጃቸው ብሎኑን ጥቂት አዞሩ፤ ማረፊያውን ቀበቶአቸው ላይ አደላደሉ፤ ጠመንጃውን አነሱ። የሚቀጥለው ጥይት ጥቁሩ ውስጥ ገባ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ከዚያ በኋላ የወጣ አለ፤ የገባ አለ፤ እኔ ግን ወረቀቱን ማየት ትቼ ጉልበታቸውን ነበር የማየው። አልታጠፈም። የመጨረሻዋን እርሳስ እስኪጨርሱ ድረስ እንደ ቆሙ ነበሩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስማቸው ከታች በኩል ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው በጥሞና አነበቡት፤ ከእሳቸው በታች ሰው መኖሩን ሲያዩ ያን ሰው ፈልገው አጽናኑት። ዳኛዋ እየዞረች ተወዳዳሪዎቹን ስትጨብጥ እኛ ጋ ደረሰች። ሥራዋን አክባሪ ናትና ቀድሞ የተነጋገሩትን አንስታ፣ ጠመንጃው ዛሬ እዚሁ ክለቡ ይቀራል ወይ ስትል ጠየቀቻቸው።

ጋሼ አቅፈውት የቆሙትን የጠመንጃውን ሣጥን ይበልጥ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

“የትኛው ጠመንጃ?” አሏት።

ዳኛዋ ሁለቱንም ቅንድቦቿን አነሳችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ሣጥኑን ልያዝልዎ ብላቸው አልሰጡኝም። በቀኝ ትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ፀሐዩ ላይ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። እትዬ ከሩቅ አይተውን ነበር። መስኮት አውርደው እንዴት ሆነ ብለው አልጠየቁም። ሣጥኑን አዩ፤ ከመኪናው ወርደው የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈቱ፤ የገበያ ዘንቢሎቻቸውንም ወደ ጎን መግፋት ጀመሩ።